የአሜሪካ ዘንባባና የዱብቲ ሆሳዕና

የእፅዋት መምህራችን የቤት ሥራ የሚያድለው በዕጣ ነበር። የተጣጠፉ ወረቀቶች ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ በየወንበራችን እየዞረ ያስወጣናል። ከጎኔ ለሚቀመጠው ልጅ ጌሾ ወጣለት። ከኋላዬ ለምትቀመጠው ባሕር ዛፍ ደረሳት፤ በመስኮት እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ዛፍ ነው። የእኔ ወረቀት «የሞቃታማው አሜሪካ ዘንባባዎች፤ አመዳደባቸውና ጠባያቸው» ይላል። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ሳይስቅ፣ «ከመጽሐፍ የተገለበጠ አልቀበልም። በዓይንህ አይተህ፣ በእጅህ ዳስሰህ ነው የምትጽፈው» አለኝ። እኔም «እሺ ጌታዬ» አልኩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሌላ መልስ የለውም።

የፋሲካ ዕረፍት ሲጀምር በባቡር አዋሽ ወረድኩ። አባቴ አዋሽ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነው። የዕጣውን ነገር ስነግረው፣ «አሜሪካ የሚደርስ ሐዲድ የለም» አለ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አሰብ መሄድ የነበረባቸው ሣጥኖች በስህተት ጅቡቲ ወርደው፣ በዕቃ ባቡር አዋሽ ደርሰው ነበር። ሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት የዘንባባ ችግኞች ናቸው። የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ሲሰነብቱ አባቴ አዝኖላቸው ውኃ ያጠጣቸው ነበር።

«አሁን ዱብቲ ናቸው» አለኝ። «የጥጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅ ደጅ ላይ ተተክለዋል። እህትህ ቤት እያደርክ ታያቸዋለህ። በዚያ ሐሩር ውኃ ያጠጣው አባቴ ነው ብለህ ንገር።»

«ለማን ነው የምነግረው?»

«ለዛፎቹ ነዋ።»

የፓምፕ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ በገዋኔ በኩል ሄድኩ። መንገድ የሚባለው ያለፈው መኪና ጎማ የተወው ምልክት ነው። ሚሌ ወንዝን ስንሻገር ውኃው የጎማውን ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ሰመራ የሚሉትን ሜዳ ስናቋርጥ ከጥቁር ድንጋይና ከነፋስ በቀር ምንም አላየሁም። ሾፌሩ በእጁ እያሳየኝ፣ «ፈጣሪ እዚህ ሥራ ጀምሮ ሙቀቱን ሲያየው ትቶት ሄደ» አለ። ዐቢይ ጾም ስለነበር መሳቅ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሳቅሁ።

እህቴ በእርሻው የሠራተኞች ሰፈር ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባሏ የእርሻው ጸሐፊ ነው። ከደጋ የመጣ፣ እንደ እኛው ክርስቲያን፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት የሚያስር ሰው ነው። በሰፈሩ ጫፍ ላለችው የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያንም የምእመናኑ ሰብሳቢ እሱ ነው። ካህኑ አንድ ሽማግሌ አባ ናቸው፤ እሑድ ይቀድሳሉ፣ በሌላው ቀን የጥጥ መጋዘን ይጠብቃሉ። የእህቴ ባል መምጣቴን ሲሰማ ደስ አለው። «ዩኒቨርሲቲ ቤታችን ገባ» አለ። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ሁሉ «ዩኒቨርሲቲው» እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር።

በማግስቱ ወደ ዛፎቹ ሄድኩ። ከዋናው መንገድ እስከ ሥራ አስኪያጁ ደጅ ሰባት ዘንባባዎች በመስመር ቆመዋል። ሰባት ያልኩት የሞተውን ጨምሬ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቅጠል የሌለው ግራጫ ምሰሶ ሆኖ፣ አናቱ ላይ አንድ ቁራ ተቀምጦበት ነበር። አትክልተኛው ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ምላሱ ከቁመቱ የሚረዝም። ጎንበስ ብዬ ሰላም ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንተ ነህ ዛፍ ልትማር የመጣኸው?»

«አዎ፣ አያ። ልመድባቸው ነው።»

«ተመድበዋል። እኔ መድቤያቸዋለሁ።» ቱቦውን ጥሎ እየመራ ያሳየኝ ጀመር። «ይቺ ‹ሲሚንቶ› ናት። ግንዷን እየው፣ ግንበኛ የለሰናት ነው የምትመስል። ሦስት ነበሩ፣ አንዷ ሞተችብኝ። ይቺኛዋ ‹አማቴ› ናት።» ግንዷ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ረጃጅም እሾህ ተሸፍኗል። «ለምን እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል? እነዚህ ሁለቱ ‹ሻማ› ናቸው። ቅጠሉን ፋቀው።» ስፍቀው ነጭ ዱቄት የመሰለ ሰም ጣቴ ላይ ቀረ። «ይሄ መጨረሻ ያለው ስም የለውም። ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ‹ሥራ አስኪያጅ› ልለው ፈልጌ ፈራሁ።»

እውነቱን ለመናገር የእሱ አመዳደብ ከመጽሐፉ ብዙም አይርቅም፤ ጨዋነት ብቻ ይጎድለዋል። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ተመልከት፤ እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተበጠረ ነው ወይስ እንደ መዳፍ የተዘረጋ? ቀጥሎ ግንዱን፤ እሾሃም ነው ወይስ ልስልስ? ከዚያ ቁጥሩን፤ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ነው የሚያድገው ወይስ ብቻውን? በዚህ መሠረት «ሲሚንቶ» ቅጠሏ እንደ ላባ፣ ግንዷ ልስልስ የሆነ የካሪቢያን ደሴቶች ዛፍ ናት፤ የመጽሐፍ ስሟም «የንጉሥ ዘንባባ» ነው። «አማቴ» ላባ ቅጠልና እሾሃም ናት። «ሻማ» የብራዚሉ መዳፍ ቅጠል ነው፤ ሰሙ ቅጠሉን ከድርቅ ይጠብቀዋል። ስም የለሹም መዳፍ ቅጠል ነው፤ በአገሩ የአናቱን ለስላሳ ልብ እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል።

ይህን ስነግረው አትክልተኛው ቆመ። «ልቡን ይበሉታል? ከዚያስ ዛፉ?»

«ይሞታል። ዘንባባ የሚያድገው በአናቱ ባለች አንዲት እምቡጥ ብቻ ነው። እሷ ከተቆረጠች ሌላ አያወጣም። እዚህ ያሉት ሁሉ አንድ ግንድ፣ አንድ ራስ ናቸው።»

«ሱብሃነላህ» አለ። «እንደ እኔ በላቸው። ራሴን ከቆረጥከኝ እኔም አላወጣም።»

ወደ ሞተችው «ሲሚንቶ» ሄድን። ስለ አሟሟቷ በእርሻው ሁለት ሐሳብ አለ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ሁልጊዜ የቀላ የውጭ አገር ሰው ነው፤ «በሽታ ነው» ብሎ አምኗል። የጥጥ ትል መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ሲመለስ የተረፈውን በዛፎቹ ላይ እንዲያፈስ አዟል። አትክልተኛው ደግሞ ግመል በላው ይላል። ከቦዩ ማዶ የምትኖር አንዲት የአፋር ሴት ግመል በዚያ ሰሞን ደጁን ስትዞር አይቷታል። «ወላሂ ብዬ ምዬ ነው የተናገርኩት» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ከሴትየዋ ጋር ሰላምታ የለንም። አንድ ዓመት ሊሆነን ነው።»

ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነተኛውን ጉዳይ ነገረኝ። ከፋሲካ በኋላ የእርሻው ባለቤቶች ከውጭ ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ «እስከዚያ ሌላ ዛፍ ካልሞተ ከቦዩ ዳር ያለው ባለ ሁለት ክፍል የግንብ ቤት ያንተ ነው» ብሎታል። አንድ ተጨማሪ ከሞተ ቤቱም የለም፣ የአትክልተኝነት ሥራውም የለም፤ ወደ ጥጥ ለቀማ ይመለሳል። አሁን የሚኖረው ከሌሎች ወንዶች ጋር በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ባቲ ናቸው።

«ቤቱን ሲሰጡህ ታመጣቸዋለሃ» አልኩት።

«ልኬባታለሁ እኮ። ለሆሳዕና ዘንባባ ከባቲ በሚያመጣው መኪና ነው የምትመጣው።»

«ቤቱ ገና አልተሰጠህም፣ አያ።»

«ኢንሻአላህ ብያለሁ» አለ፣ ነገሩ በዚያ እንዳለቀ።

የሞተችውን ዛፍ ለማየት መሰላል አቆመልኝ። በሽታም ቢሆን፣ ግመልም ቢሆን ምልክት ይተዋል ብዬ ወጣሁ። ቁራው ቅር ብሎት ተነሣ። አናቱ ላይ ያየሁት የጥርስ ምልክት አይደለም፣ የትልም ቀዳዳ አይደለም። የመካከለኛው እምቡጥ በስለት ተሰንጥቆ ወጥቷል፤ ቁርጡ እንደ ሙዳ ቅቤ ልስልስ ነው። ወረድኩና፣ «ገና ላስብበት» አልኩት። እሱም፣ «አስብ፣ አስብ፤ ሲከፈልህ አይደል» አለ። ማንም አልከፈለኝም።

ማታ እራት ላይ መልሱን ያገኘሁት እህቴ ቤት በር ላይ ነው። ከመቃኑ በላይ ያለፈው ሆሳዕና የዘንባባ መስቀል ተሰክቷል። የደጋው ዘንባባ ቅጠል ጠባብና ጫፉ የሚወጋ ነው። ይሄ ግን ሰፊ፣ ልስልስ፣ ቀኑን ሙሉ ስለካው የዋልኩት ቅጠል ነው። እህቴን አየኋት።

«ብላ» አለችኝ። «ሽሮው ይቀዘቅዛል።»

በዱብቲ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። ባሏን አየሁት። ክራቫቱን ፈታ አደረገ።

«አምና መኪናው ያመጣው ዘንባባ አልበቃም። አንድ ቅጠል ነው የቆረጥነው፣ የመካከለኛውን፣ ነጩን። ለቀለበት የሚመቸው እሱ ነው። ቅጠል ደግሞ ይበቅላል። እኛ አገር ወንዝ ዳር በየዓመቱ እንቆርጥ የለ? አንድም ቀን ሞቶ አያውቅም።»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር፤ የደጋ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው። የደጋው ወንዝ ዳር ዘንባባ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ነው የሚያድገው። የአንዱን ልብ ብታወጣ ጎረቤቶቹ ይቀጥላሉ፤ ማንም ሞቱን አያይም። ይህን ለእህቴ ባል በዝግታ አስረዳሁት። በትኩረት ሰማኝ። ስጨርስ ያለው፣ «ለአትክልተኛው እንዳትነግረው» የሚል ብቻ ነበር። እኔም የሰውየውን እንጀራ እየበላሁ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ግን መኪናው በሰላም እንዲመጣ ከማንም በላይ የጸለይኩ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ዓርብ ዕለት ወሬ መጣ። በደጋው ዘንቦ ሚሌ ሞልቷል። የጎማውን ግማሽ ያልደረሰው ወንዝ አሁን መኪና ይወስዳል። የባቲው መኪና፣ የሆሳዕናን ዘንባባና የአትክልተኛውን ቤተሰብ ጭኖ፣ ከማዶ ቆሟል። አትክልተኛው ይህን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አንድ ዛፍ ብቻ ሲያጠጣ ዋለ። የእህቴ ባል ደግሞ ከሥራ ሲመለስ በዛፎቹ በኩል ዞሮ፣ ቀስ እያለ፣ አንገቱን እያነሣ መጣ።

«ዩኒቨርሲቲው» አለኝ እራት ላይ። «አንተ መድበሃቸዋል። የትኛው ቢሞት ይሻላል?»

«ጋሼ፣ አንዱም ቢሞት ሰውየው ቤቱን ያጣል።»

«እኔ ደግሞ ከነገ ወዲያ መቶ ሰው ባዶ ጣቱን ይዞ ይጠብቀኛል። በዱብቲ ሆሳዕና ያለ ዘንባባ ተከበረ ተብሎ በእኔ ጊዜ ይነገር?»

«ትልቅ ሰው ስትሆን» አለች እህቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰብሳቢ አትሁን።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ባል አባን አስከትሎ ወደ ዛፎቹ ሄደ። እጁ ላይ የእህቴ የሽንኩርት ቢላ አለ። እኔም ተከተልኩ። አትክልተኛው ቢላውን ገና ከሩቅ አይቶ የአንዷ «ሲሚንቶ» ግንድ ላይ ተደግፎ ቆመ። ስደርስ ጆሮዬ ላይ፣ «አንድ ነገር ብቻ ተናገር። ‹ከተቆረጠ ይሞታል› በል፤ ከዚያ አፍህን ዝጋ» አለኝ። እንደዚያ ላደርግ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን አባ ቀደም ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ከእነዚህ የደጋውን የሚመስለው የትኛው ነው?»

የተጠየቀ ተማሪ መልስ ይሰጣል። «ቅጠላቸው መዳፍ ከሆኑት ይልቅ ላባ የሆኑት ይቀርባሉ፣ አባ። እሾሃሟን ትተን ከላባዎቹ ልስልሷ ይቺ ናት» አልኩና «ሲሚንቶ»ን አሳየሁ። አትክልተኛው ዓይኑን ጨፈነ። የእህቴ ባል መሰላል ፍለጋ ዞረ።

«ግን ብትቆረጥ ትሞታለች» አልኩ በፍጥነት። «ራሷ አንድ ነው። የደጋው ዘንባባ ብዙ ሆኖ ስለሚያድግ ነው የማይሞተው። ይቺ ‹የንጉሥ ዘንባባ› የምትባለዋ ግን…»

«ምን የምትባለዋ?» አለ የእህቴ ባል፣ ግራ ቀኙን እያየ። «እንዲህ ያለውን ስም ቀስ ብለህ ጥራው፣ ሰው ይሰማል።» ቢላውን ከጀርባው ደበቀ። ነገር ግን ክርክሩን አልተወም። «ደግሞ ያለፈው ዓመትም የቆረጥነው አንድ ብቻ ነው።»

ካለ በኋላ ያለውን ሰማው። ሁላችንም ሰማነው። አትክልተኛው ከግንዱ ላይ ጀርባውን አላቀቀ።

«እናንተ ናችሁ?»

የእህቴ ባል ክራቫቱን ነካ። አባ መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ ግመል ነው ብዬ ማልኩ እኮ። ወላሂ ብዬ። ከጎረቤቴ ተጣላሁ። ይሄ ፈረንጅ ይኸው ዓመት ሙሉ በአውሮፕላን መርዝ ያዘንብብኛል፤ ጥምጣሜን ሳጥብ የሰፈሩ ዝንብ ያልቃል። እናንተ ለቀለበት ነው?»

«አላወቅንም ነበር» አሉ አባ። «ይቅር በለን።»

«ይቅርታውን ልስጣችሁ፤ ዛፉን ግን አልሰጥም። ሚስቴ ከወንዝ ማዶ ጭነት ላይ ተቀምጣለች። ከወንዝ ወዲህ ስትመጣ ቤት የለም ልበላት? ለምን? የጸሐፊው ጣት ባዶ ሆኖ?»

የታችኞቹን ያረጁ ቅጠሎች እንሞክር አልኩ፤ እነሱ ቢቆረጡ ዛፉን አይጎዱም። አባ አንዱን ወስደው ቀለበት ሊጠመዝዙ ሲሞክሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውም ተሰበረ። ያረጀ ቅጠል ለቀለበት አይሆንም፤ የሚጠመዘዘው ያልተፈታው ነጩ ነው። ሁሉም እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ነው ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጨረሻው የመጣልኝ፤ ቁጥሩ።

«ብዙ ራስ ያለው ዘንባባ እዚሁ አለ» አልኩ። «ወንዝ ዳር ያለው የአፋር ዘንባባ። ግንዱ እንደ መንሽ ይከፈላል፤ በዘንባባዎች ዘንድ ብርቅ ጠባይ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ራስ አለው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያልተፈታውን ቅጠል ይወስዱለታል፣ ዛፉም አለ። ሰሌን የሚሠሩበት ነው።»

«ቅጠሉ ማን ጋ ይገኛል?» አሉ አባ።

አትክልተኛው ወደ ቦዩ ማዶ አየ። «የግመሏ ባለቤት ናት ያላት። ሰሌን ሠሪ ናት።»

አብሬው ሄድኩ፤ ብቻዬን አልሄድም ስላለ ነው። ሴትየዋ ከቦዩ ማዶ ጎጆዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትሠፋለች። ከአጠገቧ የነጭ እምቡጥ ቅጠል እስር ተከምሯል። ግመሏም እዚያው ቆማ ታመነዥጋለች። አትክልተኛው ሰላም አለ። ሴትየዋ እጇን ሳታቆም በአማርኛ፣ «ዛፍህን ግመል በላች ነው ያልከው?» አለች።

«ተሳስቻለሁ፣ እህቴ። ሰው ነው የቆረጠው።»

«እኔ ያኔም ነግሬሃለሁ። ግመሌ ሞኝ አይደለችም። ያን ማን ይበላል?»

«እውነት ነው። አፉ በይኝ።»

«እኔን ለምን? ስሟን ያጠፋኸው የእሷን ነው። ለእሷ ንገራት።»

አትክልተኛው እኔን አየኝ። እኔ ቦዩን አየሁ። ወደ ግመሏ ሄዶ ፊት ለፊቷ ቆመና፣ «አፉ በይኝ» አላት። ግመሏ ከንፈሯን እያዞረች ከላይ ቁልቁል ስታየው ቆየችና ወደ ሌላ በኩል ዞረች። እኔ ቅጠሉ ለሆሳዕና እንደሚፈለግ ስነግራት፣ ሴትየዋ በልቧ ስቃ እስክትጨርስ ቆይታ እስሮቹን በእግሯ ወደ እኛ ገፋች። «ውሰዱ። ለበዓል ከሆነ ውሰዱ።»

ስንመለስ ግን ሌላ ችግር ጠበቀን። የእህቴ ባል እስሩን ፈትቶ አየ። «ይሄ ሰሌን ነው» አለ።

«ገና አልሆነም» አልኩ። «ቅጠል ነው። ቤተሰቡ አንድ ነው፤ ይሄም፣ የደጋውም፣ የአሜሪካውም በአንድ ወገን ነው የሚመደቡት።»

«የተመደበውን ተወው። አባ፣ ይሄ ሬሳ የሚጠቀለልበት ነገር ነው። የሚሰገድበትም፣ የሚተኛበትም ነው። መሬት ላይ የሚነጠፍ ነገር ሰው ጣቱ ላይ ያስራል?»

አትክልተኛው መልሱን ከእኛ ቀድሞ አገኘው። «እኔ የእናንተን መጽሐፍ አላነበብኩም» አለ። «ግን ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ ሰውየው በአህያ ሲገባ ሕዝቡ ቅጠሉን መንገድ ላይ አነጠፈለት አይደል? መሬት ላይ ነው ያነጠፉት። ታዲያ ሰሌን ምን አደረገ?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«የእኔማ ስድስት ዛፍና አንድ ቤት ገብቶበታል።»

አባ አንዲት ቅጠል አንሥተው በጣቶቻቸው ሰንጥቀው ጠመዘዙ። አልተሰበረችም። ቀለበት ሆነች፤ ትንሽዬ መስቀልም አወጣች። ጣታቸው ላይ አጥልቀው ዘርግተው አዩዋት።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ምን አነባለሁ?» ብለው የእህቴን ባል ጠየቁት።

«ፍትሐት» አለ።

«ለማን?»

«ለሁላችን ነዋ። በሰሙነ ሕማማት ለሚሞት ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ አስቀድሞ ለሁሉም ይነበባል።»

«እንግዲያው ነገ ሁላችሁንም እንደ ሞታችሁ ቆጥሬ ላነብላችሁ ነው። ሰሌኑ ቀድሞ ጣታችሁ ላይ ቢገኝ ምን ክፋት አለው?» አሉና እስሩን አንሥተው ለሰብሳቢው ሰጡት። «ተሸከም። ቢላውንም ለሚስትህ መልስላት፣ ሽንኩርት ትፈልጋለች።»

እሑድ ሆሳዕና በዱብቲ ተከበረ። የአፋሩ ቅጠል ለቀለበት ከደጋው ይሻላል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የእህቴ ባል አንዱ ነው፤ ሐሳቡን ያመነጨው እሱ እንደሆነም ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ምእመናኑ ዘንባባ በራሳቸው ላይ አስረው በዛፎቹ መንገድ ሲያልፉ ሥራ አስኪያጁ ፒጃማውን ለብሶ ከበረንዳው ወጣ። የሰውን ግንባር አየ፣ ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ ዛፎቹን ቆጠረ። ስድስቱ አሉ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ገባ።

ሚሌ ጎድሎ መኪናው የደረሰው ሰኞ ነው። ሙሉ ጭነት የደጋ ዘንባባ፣ ቀኑ ያለፈበት፣ ጠውልጎ የደረቀ። ከዘንባባው ክምር ላይ አንዲት ሴት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ምጣድ ተቀምጠዋል። አትክልተኛው አወረዳቸው። ሚስቱ ቀሚሷን አራግፋ ዙሪያውን አየች።

«ሦስት ቀን እሾህ ላይ ተቀምጬ መጣሁ» አለችው። «ቤቱ የታል?»

አትክልተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቱ… እንግዶቹ መጥተው ዛፎቹን ሲያዩ ነው።»

ወደ ዛፎቹ ዞረች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ቁራው ያለበት ምሰሶ ላይ ነው። «ይሄን ነው ዓመት ሙሉ ስታጠጣ የኖርከው?»

አትክልተኛው የእህቴን ባል አየው። የእህቴ ባል ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ምጣዱን ተሸከመ። እንግዶቹ እስኪመጡ ድረስ ቤተሰቡ በእህቴ የፊት ክፍል ኖረ፤ እኔ በረንዳ ላይ አደርኩ። የመጣውን ዘንባባ የሰፈሩ ፍየሎች ዓርብ ሳይደርስ ጨረሱት።

ባለቤቶቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። አቧራውን ስለፈሩ የመኪናውን መስኮት ዘግተው በዛፎቹ መካከል በፍጥነት አለፉ፤ ወደ የትኛውም ወገን ሲዞሩ አላየሁም። ማታውን ሥራ አስኪያጁ የግንቡን ቤት ቁልፍ ለአትክልተኛው ሰጠው። ዛፎቹን ያዳነው የአውሮፕላኑ መድኃኒት እንደሆነም አስረዳው። አትክልተኛው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው» አለ። ቁልፉን እስኪይዝ ማንንም አይቃወምም።

ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ገባሁ። ወለሉ ላይ አዲስ ሰሌን ተነጥፏል፤ ከቦዩ ማዶ የመጣ ነው። ሚስቱ ከመስኮቱ ወደ «ሲሚንቶ» እያየች ነበር።

«አንተ የተማርክ ነህ አሉ» አለችኝ። «ይሄ ዛፍ ምን ያፈራል?»

«ከብዙ ዓመታት በኋላ ትንንሽ ፍሬ፣ እትዬ። ወፍ ይበላዋል።»

«ጥላስ?»

«ብዙም የለውም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ምን ሊያደርግ ነው?»

አትክልተኛው ሰሌኑ ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያውን እያየ ነበር።

«ባለ ሁለት ክፍል» አለ።